አሳማ የመሰለው ድብ፦ የበርክሌይ ማስኮት ከየት መጣ?

ኦክላንድ ውስጥ ቴሌግራፍ ጎዳናን ይዞ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው የሐበሻ ምግብ ቤት ብርቅ አይደለም። የወጡ ሽታ አንዱ ጋ ተቀብሎ ሌላው ጋ ያደርሰዋል። መንገዱ የሚያልቀው በርክሌይ፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ ድብ ይበዛል። ቲሸርት ላይ ድብ፣ ኮፍያ ላይ ድብ፣ የመኪና መስታወት ላይ ድብ፣ ግቢው ውስጥ የድብ ሐውልት። ተማሪዎቹ ሲተላለፉ «ጎ ቤርስ!» ይባባላሉ፤ «በርቱ ድቦች» እንደማለት ነው። ሰላምታም ነው፣ ፉከራም ነው፣ አንዳንዶቹ ኢሜይል ሲጨርሱም ይጽፉታል።

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን እዚያው መንገድ ላይ ባንዲራ አይቶ፣ «አጎቴ፣ ይሄ ድብ የት ነው ያለው? እንሂድና እንየው» አለኝ። የትም የለም አልኩት። የቀለድኩበት መሰለው።

እውነቴን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቁር ድብ አለ፤ ተራራ አካባቢ ድንኳን የጣለ ሁሉ ምግቡን ከሱ ይደብቃል። ባንዲራው ላይ የተሳለው፣ ዩኒቨርሲቲውም ስሙን የወሰደው ግን ሌላ ነው፤ ግሪዝሊ ይባላል። ከካሊፎርኒያ ከጠፋ 100 ዓመት ገደማ ሆኖታል። የሌለ አውሬ እንዴት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ማስኮት እንደሆነ ለልጁ ላስረዳ ስሞክር፣ ታሪኩ ካሰብኩት በላይ ረዘመብኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።

መጀመሪያ ቃሉ። «ማስኮት» ለሚለው ሁነኛ አማርኛ የለንም፤ ነገሩ ግን አለን። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችንን «ዋልያዎቹ» ስንል፣ ሰሜን ተራራ ላይ ብቻ የሚገኘውን እንስሳ ስም ለተጫዋቾች አልብሰናል። አሜሪካኖች ዘንድ ይኼ ሦስት ነገር ነው። አንዱ የቡድኑ ስም ነው። ሌላው ማሊያና ኮፍያ ላይ የሚታተመው ምስል። ሦስተኛው በጨዋታ ቀን የእንስሳ ልብስ አጥልቆ ደጋፊው ፊት የሚደንሰው ሰው። ሦስቱ አብረው አይወለዱም። በርክሌይ ውስጥ በድቡ ባነርና በድቡ ልብስ መካከል 46 ዓመት አለ።

ድቡ ግን ከዩኒቨርሲቲውም በፊት ነው የሚጀምረው።

በ1846 ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ነበረች። ከምሥራቅ በኩል ተራራ አቋርጠው የገቡ አሜሪካውያን ሰፋሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የሜክሲኮ መንግሥት ፈቃድ የላቸውም። አዎ፣ ያኔ ወረቀት የሌለው ስደተኛ አሜሪካዊው ነበር። «ሊያባርሩን ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። ጁን 14 ማለዳ ላይ ሠላሳ ገደማ የሚሆኑ ታጣቂዎች ሶኖማ የምትባል ትንሽ ከተማ ገቡ። የሚከላከላቸው ወታደር አልነበረም። በቀጥታ የጄኔራል ማሪያኖ ቫዬሆን በር አንኳኩ። ቫዬሆ የአካባቢው ትልቅ ሰው ነው፤ እንዲያውም ካሊፎርኒያ ከአሜሪካ ጋር ብትቀላቀል አይጠላም ነበር። አስገብቶ መጠጥ ጋበዛቸው። እነሱ ግን ጠጥተው ሲጨርሱ አሰሩት።

ከተማ ከያዙ በኋላ ባንዲራ አስፈለጋቸው። ዊልያም ቶድ የሚባል ወጣት ሠራላቸው፤ የፕሬዚዳንት ሊንከን ባለቤት የሜሪ ቶድ ዘመድ ነው። ነጭ ጨርቅ፣ ከታች ቀይ ጥለት፣ ከላይ አንድ ኮከብ። ኮከቡ የቴክሳስ ነገር ነው፤ ቴክሳስም ከሜክሲኮ የወጣችው በዚያው መንገድ ነበርና። ከኮከቡ አጠገብ ግሪዝሊ ድብ ሳለ፤ ከሥሩ «የካሊፎርኒያ ሪፐብሊክ» ብሎ ጻፈ።

ሥዕሉ አላማረም። የሶኖማ ሰዎች ቆመው አዩትና አሳማ ነው አሉ። ቶድ ሠዓሊ አልነበረም፤ ጨርቁም ቀለሙም እጅ ላይ የተገኘው ነው። ሪፐብሊኩም ዕድሜ አላገኘም። አሜሪካና ሜክሲኮ ወር ቀደም ብሎ ጦርነት ጀምረው ነበር፤ ወሬው ግን ገና ካሊፎርኒያ አልደረሰም። ሲደርስ የአሜሪካ ጦር መጣ፤ ጁላይ 9 ቀን የድቡ ባንዲራ ወርዶ የአሜሪካ ተሰቀለ። ሃያ አምስት ቀን ብቻ። በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ከሴሚስተር ያነሰ ነው።

ለምን ድብ መረጡ? አገሩ ድብ በድብ ስለነበረ ነው። ሰዎች የሚጠቅሱት ግምት 10,000 ግሪዝሊ ይደርሳል። ይህን ያህል የበዙበት አንዱ ምክንያት የሚገርም ነው። ያኔ የካሊፎርኒያ ሀብት ከብት ነበር፤ የሚሸጠውም ሥጋው ሳይሆን ቆዳውና ሞራው ነው። ከብቱ ይታረድና ቆዳው ተገፍፎ፣ ሞራው ወጥቶ፣ ሥጋው ሜዳ ላይ ይቀራል። ማቀዝቀዣ የለ፣ የሚበላው ሰው የለ። ድቡ ደግሞ አለ። ስለዚህ እርባታው ድቡን ቀለበው። ከብት ጠባቂዎቹም በፈረስ ሆነው በገመድ ሸምቀቆ ድብ ይይዙ ነበር፤ አንዱ አንገቱን፣ ሌላው እግሩን። ከዚያ ጎትተው ያመጡትና ከኮርማ ጋር ያታግሉታል። ሕዝብ ይሰበሰባል። የካሊፎርኒያ የመጀመሪያው የስታዲየም መዝናኛ ይኼ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም፤ ድቡ ያኔም የተጫዋቹን ቦታ ይዟል።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል ነው በጣም የምወደው። በ1849 ካሊፎርኒያ ስቴት ለመሆን ሕገ መንግሥት ስታረቅ፣ ሞንተሬይ ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። የመንግሥት ማኅተምም ተሠራ። ማኅተሙ ላይ ሚነርቫ የምትባለው የሮማውያን አምላክ ተቀምጣለች፤ እግሯ ሥር ግሪዝሊ ድብ አለ። ጉባኤተኛ ሆነው ከተቀመጡት አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቫዬሆ! ድቡን እንዳየ አልተመቸውም። ማስተካከያ አቀረበ፦ ወይ ድቡ ይውጣ፣ ወይ ደግሞ በሸምቀቆ ታስሮ ይሳል። ድምፅ ተሰጠና ተሸነፈ። ድቡ ሳይታሰር ማኅተሙ ላይ ቀረ። የሰውየው ሐሳብ ይገባኛል። ለሌላው ሁሉ ድቡ የነጻነት ምልክት ነው፤ ለሱ ግን መጠጡን ጠጥተው ያሰሩት ሰዎች ምልክት ነው።

ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1868 ነው። መለያ ቀለሙ ሰማያዊና ወርቃማ ሆነ። ድብ ግን አልነበረውም፤ ለሃያ ሰባት ዓመት ያለ ድብ ኖረ። የግዛቲቱ ማኅተም ላይ ድብ አለ፣ የድሮው ባንዲራ ይታወሳል፣ ተማሪዎቹ ጋ ግን የሚያስፈልግበት ቀን አልመጣም።

የመጣው በ1895 ነው። የዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ ቡድን ባቡር ተሳፍሮ ከትልልቆቹ የምሥራቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሊወዳደር ሄደ። ከምዕራብ ጠረፍ እንዲህ ያለ ጉዞ ያደረገ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ለምሥራቆቹ ካሊፎርኒያ ማለት የወርቅ ቆፋሪ አገር ነው፤ እዚያ ዩኒቨርሲቲ መኖሩን የሚያውቀውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ቡድኑ ይዞት የሚሰለፈው ባነር ተዘጋጀለት። አርተር ሮጀርስ የሚባል የቀድሞ ተማሪና የዩኒቨርሲቲው የቦርድ አባል ነው ሐሳቡን ያመጣው ይባላል። ሰማያዊ ሐር ነው፤ ላዩ ላይ በወርቃማ ክር ግሪዝሊ ድብ ተጠልፏል። የግዛቲቱ ድብ የዩኒቨርሲቲውን ቀለም ለበሰ። ወርቃማ ድብ የሚባል ፍጥረት የተገኘው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው፤ ጫካ ውስጥ ማንም አላየውም።

እኔ እንደማስበው፣ ልጆቹ ባቡር ባይሳፈሩ ኖሮ ድቡ አይመጣም ነበር። ቤትህ ስትሆን ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። እኛስ? አዲስ አበባ እያለ መኪናው ላይ ባንዲራ ሰቅሎ የማያውቅ ሰው፣ ኦክላንድ ሲገባ መስታወቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚነዳው። አትሌቶቹም በርክሌይ ውስጥ ተማሪ ነበሩ፤ ቺካጎ ሲደርሱ ካሊፎርኒያውያን ሆኑ።

ቡድኑ አሸናፊ ሆኖ ሲመለስ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰሩ ቻርልስ ሚልስ ጌይሊ ደግሞ ባነሩን አይቶ ግጥም ጻፈ። ሰማይ ላይ ያሉትን ሰባት ኮከቦች፣ ፈረንጆቹ «ትልቁ ድብ» የሚሉትን፣ ከጥልፉ ድብ ጋር አገናኘው። ግጥሙ ዜማ ገብቶለት ተማሪው ሁሉ ዘፈነው። ባነሩን ያየው የተሰለፈው ብቻ ነው፤ ዘፈን ግን ሁሉም አፍ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ቡድኖቹ «ወርቃማ ድቦች» ናቸው። ሕግ የለ፣ ደብዳቤ የለ፣ ኮሚቴ የለ።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ እውነተኛ ድብ አማራቸው። በአንዳንድ ጨዋታ ላይ የድብ ግልገል በሰንሰለት እየያዙ ይመጡ ነበር። ግልገል ግን ግልገል ሆኖ አይቀርም። ሲያድግ ጥፍሩም ያድጋል፤ ከሚጮኽ ሕዝብ ፊት ድብ ማቆም ጨዋታ እንዳልሆነ ገባቸው። እኛ ድብን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ዳዊት ለሳኦል «አንበሳና ድብ መታሁ» ሲለው። ድብ ከአንበሳ እኩል የተጠራበት ምክንያት አለ።

በ1941 ዊልያም ሮክዌል የሚባል ተማሪ መፍትሔውን አመጣ፦ ድቡን ሰው ይልበሰው። ስሙ ኦስኪ ተባለ። ስሙ ከድሮ የደጋፊዎች ጩኸት የመጣ ነው፤ «ኦስኪ ዋው ዋው» እያለ የሚቀጥል፣ ትርጉም ፈልጎ ለሚደክም ሰው ምንም የማይሰጥ ጩኸት።

ልጁን አንድ ቅዳሜ ስታዲየም ወሰድኩት። (ስታዲየሙ የቆመው የመሬት መንቀጥቀጥ ስንጥቅ ላይ መሆኑን ግን አልነገርኩትም።) ኦስኪ በአጥሩ በኩል መጣ። አስፈሪ ነገር የለውም። ጭንቅላቱ ከትከሻው የሰፋ ነው፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ ተለጥፎ ቀርቷል። ቢጫ ሹራብ፣ ሹራቡ ላይ «ሲ» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጭ ጓንት፣ ጀልባ የሚያክል ጫማ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ጡረታ እንደወጣ የሰፈር ሽማግሌ ይራመዳል። አይናገርም። ልብሱ ውስጥ ማን እንዳለ አይነገርም፤ ሚስጥሩን የሚጠብቅ የተማሪዎች ቡድን አለ። ልጁ እጁን ጨበጠው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ይሄ ግን ድብ አይመስልም» አለኝ።

ሶኖማዎችም እንዲሁ ነበር ያሉት።

የበርክሌይ ድብ ወንድምም አለው። ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲኤልኤ የምንለው፣ በ1919 ሲከፈት የበርክሌይ የደቡብ ቅርንጫፍ ነበር። ቅርንጫፍ ስለሆነ ቡድኑ «ግልገሎቹ» ተባለ። ልጅ ሲያድግ ግልገል መባል ይከብደዋል፤ «ግሪዝሊዎቹ» ነን አሉ። ነገር ግን ወደ ትልቁ የምዕራብ ጠረፍ ሊግ ሊገቡ ሲሉ፣ ሊጉ ውስጥ ያለው የሞንታና ዩኒቨርሲቲ ስሙን ቀድሞ ይዞት ተገኘ። ያኔ በርክሌዮች ራሳቸውን «ቤርስ»ም «ብሩይንስ»ም ይሉ ነበር፤ ብሩይን በድሮ ተረት ውስጥ የድብ መጠሪያ ነው። ሁለት ስም ምን ያደርግልናል ብለው በ1926 አንዱን ለታናሽየው ለቀቁለት። የሎስ አንጀለሱ ቡድን እስካሁን ብሩይንስ ነው፤ ቀለሙም ሰማያዊና ወርቃማ ነው፤ ሰማያዊው ብቻ ፈካ ይላል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ስቼ ነበር። ግዛቲቱ መጀመሪያ በሕግ «ብሔራዊ እንስሳችን ይኼ ነው» ትላለች፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ይወስደዋል ብለን እናስባለን። ብዙ ቦታ የተገላቢጦሽ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1930ዎቹ ነው በኤሊ ስም መጠራት የጀመረው፤ ግዛቲቱ ኤሊውን በሕግ ያጸደቀችው በ1994 ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ባጀር የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ አለ። ስሙ መጀመሪያ የተሰጠው ለሰው ነው፤ በ1820ዎቹ የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪዎች ቤት ስላልነበራቸው ክረምቱን ኮረብታ ሥር በቆፈሩት ጉድጓድ ያሳልፉ ነበርና፣ «ባጀሮች» ተባሉ። ስድብ ቢጤ ነበር። ግዛቲቱ ስሙን ወረሰች፣ ዩኒቨርሲቲው ከግዛቲቱ ወረሰ፣ ሕጉ በ1957 መጣ። ሕጉ የሚመጣው ሰው ከለመደው በኋላ ነው።

ካሊፎርኒያም እንደዚያው ናት፤ ባንዲራው በሕግ የጸደቀው በ1911፣ ግሪዝሊ የግዛቲቱ እንስሳ የተባለው በ1953። እዚህ ግን ሌላ ነገር ተጨምሯል፤ ልጁን ያስኮረፈው ይኼኛው ነው።

ከ1849 ጀምሮ ወርቅ ፈላጊው ጎረፈ። ከሱ ጋር ጠመንጃ መጣ፣ አጥር መጣ፣ በግ መጣ። ድብ በግ ይበላል፤ ባለበጉ ደግሞ ሥጋ ውስጥ መርዝ ይቀብራል። ድቡን ብርቅ ለማድረግ ሃምሳ ዓመት አልፈጀም። በ1889 የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ባለቤት ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት አንዱን ሪፖርተሩን ግሪዝሊ ከነሕይወቱ ይዘህ ና ብሎ ላከው። ያኔ አንድ ግሪዝሊ ማግኘት ራሱ ዜና ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሪፖርተሩ አለን ኬሊ ወራት ፈጅቶ አንድ ይዞ መጣ። ስሙን ሞናርክ አሉት፤ ንጉሥ ማለት ነው። ጋዜጣው ራሱን «የዕለታዊ ጋዜጦች ንጉሥ» ይል ስለነበር፣ ድቡ የጋዜጣው ማስታወቂያ ሆነ። ለሕዝብ በታየበት የመጀመሪያ ቀን 20,000 ሰው ሊያየው መጣ ይባላል።

ዘመኑን ልብ በሉልኝ። በርክሌይ ውስጥ በሐር ላይ ድብ ሲጠለፍ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሞናርክ በብረት አጥር ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። ጥልፍ ጠላፊው እውነተኛ ግሪዝሊ ማየት ከፈለገ ጀልባ ተሳፍሮ መሻገር ብቻ ነበረበት። ጫካ ሄዶ መፈለግ ግን አድካሚ ሆኗል።

ሞናርክ በ1911 ሞተ። ባንዲራው በሕግ የጸደቀበት ዓመት ነው። የቶድ የመጀመሪያው ጨርቅ ራሱ አልነበረም፤ በ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ በተነሣው እሳት ተቃጥሏል። በ1922 የመጨረሻው የታወቀ የካሊፎርኒያ ግሪዝሊ በጥይት ተገደለ። በ1924 ሰኮያ አካባቢ አንድ ታየ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ የለም። የበርክሌይ አዲሱ ስታዲየም በ1923 ሲመረቅ፣ «ወርቃማ ድቦች» እያለ የሚጮኸው ሕዝብ ከቀሩት ድቦች በብዙ ሺህ ይበልጥ ነበር። ኦስኪ ሲወለድ ደግሞ አንድም አልቀረም።

ባንዲራው ግን አስቸገረ። የ1911ዱ ሕግ ድቡ ምን እንደሚመስል አጥርቶ አልወሰነም፤ የሰፋው ሁሉ የመሰለውን ይስል ጀመር። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ እንደ ቶድ ወደ አሳማ ያደላ። በ1953 ግዛቲቱ በቃ አለች። አንድ ወጥ ሥዕል ይሣል ተባለ። ሠዓሊው የሚያየው ድብ ሲያጣ ሁለት ነገር ተጠቀመ፤ በ1855 ቻርልስ ናል የሚባል ሰው የሳለውን ሥዕልና ሞናርክን። ሞናርክ ከሞተ በኋላ ቆዳው ተሞልቶ ተቀምጦ ነበር፤ ዛሬም ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ሳይንስ አካዳሚ ንብረት ነው። በዚያው ዓመት ግሪዝሊ የግዛቲቱ እንስሳ ተብሎ ጸደቀ።

ይኼን ሁሉ ለልጁ እየነገርኩት ቴሌግራፍ ላይ ደረስን፤ ፍርፍር አዝዘን ተቀመጥን። ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የኛም የካሊፎርኒያም ባንዲራ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ልጁ የካሊፎርኒያውን ትኩር ብሎ አየው። ድቡ ሣር ላይ አንድ እግሩን ወደፊት አድርጎ ይራመዳል።

«ስለዚህ ይሄ ሞናርክ ነው?» አለኝ።

«ግማሹ» አልኩት።

«ግን እኮ ታስሮ ነበር አልክ።»

አስተናጋጇ ፍርፍሩን ይዛ መጣች።